«ዛሬ ምን ገባሽ?»

ጋሼ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ልጅን «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ይቆሙና ያገኙትን ልጅ ሁሉ «ዛሬ ምን ገባህ? ዛሬ ምን ገባሽ?» ይሉ ነበር። መልሱን ሳይሰሙ ንቅንቅ የለም።

በኮሮናው ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ ልጄ ኤደን አንደኛ ክፍልን በላፕቶፕ ተምራ ስትጨርስ አስተማሪዋ ኮል አደረገችኝ። ክፍሉን ብትደግም ይሻላል አለችኝ። እንዴት ተደርጎ! ጓደኞቿ ሁሉ አልፈው እሷ ብቻ ትቅር? ባለቤቴም ከእኔ ብሶ ተቆጣ። ጋሼ ኒው አልባኒ ከተማ ካለው የዌርሃውስ መጋዘን ሥራቸው ወጥተው ቤታችን ጎራ ብለው ነበር። ጩኸታችንን ሰሙና ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ኤዱዬ፣ ዘንድሮ ምን ገባሽ?»

«ናቲንግ፣ ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከምንጣፉ ሳታነሣ።

አልሳቁም፣ ከንፈርም አልመጠጡም። አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አሉና «ጎሽ! ይህን ለመናገር እኮ ድፍረት ይጠይቃል» አሏት። ከዚያ ቀና ብለው እኛን «ሳይገባት አሳልፋችሁ ማንን ልታስደስቱ ነው?» አሉን።

ክፍሉን ደገመች። ያን ዓመት እሁድ እሁድ የገባትን ልትነግራቸው መኪናው ሳይቆም ቤልቷን ትፈታ ነበር።

ባለፈው ወር ጋሼን ጌታ ወደ ራሱ ሰበሰባቸው። ትናንት ከአምልኮ ስንወጣ አንዲት እናት በሩ ላይ ኤደንን ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ጠየቋት። «ሁለተኛ» ስትላቸው ጸጉሯን ዳብሰው አለፉ። እጇን ይዤ «እንሂድ» ብላት አልንቀሳቀስ አለች። ሌላውን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር።