አያ ኑሩ የበሉት ሥጋ

ሥራ የጀመርሁ ዕለት የቤቱ ንብረት ኃላፊ በጅሮንዱ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ "ክንድህን ዘርጋ" አሉኝ። ዘረጋሁ። ከክርኔ እስከ መሐል ጣቴ ጫፍ በገመድ ለክተው ከራሳቸው ክንድ ጋር አስተያዩት። የእኔ በሁለት ጣት በለጠ። "ሸማኔዎቹ ይረግሙሃል፤ ለእኛ ግን ሸጋ ክንድ ነው" ብለው ሳቁ። አንኮበር ላይ በአንዲት ትልቅ እመቤት ቤት ሸማ ተቀባይ የሆንሁት እንዲህ ነው።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ሸማኔ ሠርቶ ያመጣውን ሸማ በክንዴ እለካለሁ። ወደ ብርሃን አንሥቼ ማጉ የሳሳበት፣ ድሩ የተበጠሰበት እንዳለ እመለከታለሁ። አውራ ጣቴን በምራቄ አርሼ ጥለቱን አሻለሁ፤ ጣቴ ከቀላ ሸማው ይመለሳል። ያለፈው ኩታው ከኩታ፣ ጋቢው ከጋቢ፣ ቡሉኮው ከቡሉኮ ጋር ታጥፎ ሣጥን ይገባል። ከእኔ በላይ በጅሮንዱ፣ ከእሳቸው በላይ እመቤቲቱ ነበሩ። ከእኔ በታች የነበሩት ሸማኔዎቹ ብቻ ናቸው።

እኔ ራሴ የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰድዶ መወርወሪያ ሲወረውር ኖረ፤ እኔም ጎልምሼ እስክወጣ ድረስ አጠገቡ ሠርቻለሁ። ሰው እሱ የሠራውን ይለብስና መልሶ "ቁጢት በጣሽ" ብሎ ይሰድበዋል። ከዚያ ጉድጓድ ወጥቼ የጌቶች ቤት ከገባሁ በኋላ የምፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ተመልሶ መግባት። ይህን ያነሣሁት ለማመካኛ አይደለም። ሆዴ ውስጥ የነበረውን እንድታውቁት ብዬ ነው።

ጥቂት ዓመታት እንደ ሠራሁ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ዞረ፤ ባለሙያውም ተከተለ። የለመድነው ሸማኔ ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው እያለ ድሩን ጠቅልሎ ይሄድ ጀመር። እመቤቲቱ ደግሞ ሸማ ወዳጅ ነበሩ፤ ጥሩ ጥለት ካዩ ምሳቸውን ይረሳሉ። ነገሩ ቢያንገበግባቸው በጅሮንዱንና እኔን አስጠሩን።

"የቀሩትን ባለሙያዎች ሰብስቡልኝ" አሉ። "የሠሩትን ይዘው መጥተው ይተያዩ፤ አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ያሳይ። የተማረ ሰው ይምጣ፣ ሸማ የሚወዱ ወይዛዝርትም ይምጡ።"

በጅሮንዱ ጉሮሯቸውን ጠርገው "ሸማኔና ወይዛዝርት በአንድ አዳራሽ ነው፣ እመቤቴ?" አሉ።

"የሠራውን ለብሰን ሠሪውን ደጅ ልናስቀምጥ ነው?" ብለው መለሱላቸው።

ዝግጅቱ እኔ ላይ ወደቀ። ስንወጣ በጅሮንዱ ትከሻዬን ያዝ አድርገው "ይህን ካሳመርህ የግምጃ ቤቱ ቁልፍ ያንተ ነው" አሉኝ።

እንዲህ ያለ ጉባኤ በቤቱ ተደርጎ ስለማያውቅ የምጠይቀው ሰው አልነበረም። ቀኑን ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ውስጥ አደረግሁት፤ ረቡዕም ዓርብም ስለማይጾም በማዕድ የሚቸገር አይኖርም ብዬ ነው። ከመንዝ በበግ ጠጉር በርኖስና ባና የሚሠሩ ሁለት ሰዎች፣ ከደብረ ብርሃን አንድ የጠጉር ምንጣፍ ሠሪ፣ ከከተማው አራት የጥጥ ሸማኔዎች ጠራሁ። ስለ ካህናት አልባሳትና ስለ ቀለም ትርጓሜ እንዲናገሩ አንድ መሪጌታ ለመንሁ። አዳራሹ ውስጥ ገመድ አስወጥሬ የጠዋት ፀሐይ በሚገባበት በኩል ስስ ስሱን ሸማ፣ በጨለማው በኩል የበግ ጠጉር ሥራውን እንዲሰቀል አደረግሁ። በዚህ በዚህስ ዛሬም አላፍርም።

ትልቁ እንግዳ አያ ኑሩ ነበሩ። ከአልዩ አምባ በታች የሚኖሩ እስላም ሸማኔ ናቸው። ስንት ዓመት የእሳቸውን ቀይ ጥለት ሳሽ አውራ ጣቴ አንድ ቀን ቀልቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚሠሩት ለማንም ነግረው ስለማያውቁ ራሴ ወርጄ ለመንኋቸው። መወርወሪያቸውን አኑረው "ልጄ አንዲት ሴት ናት፤ ጉድጓድ አትገባልኝም። ከእኔ ጋር ከሚቀበር ሰው ይየው" አሉ። ቀጥለውም "ምግቡስ እንዴት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"እስላም ያረደው በግ ለብቻዎ ይቀርባል።"

"አማና?"

"አማና" አልኋቸው።

ባገራችን ክርስቲያን እስላም ያረደውን፣ እስላምም ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ታውቃላችሁ። በዚያ ዘመን ነገሩ ከዚህም ይከብድ ነበር። የሌላውን ሥጋ የጎረሰ ሰው ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል። ቄስም ሼህም አያስፈልግም፤ ጉርሻው ይበቃል።

ለጉባኤው ሁለት በግ ከጣርማ በር በኩል አስመጣሁ። አንደኛው የአያ ኑሩ ነው። እሱን የሚያርድ አንድ እስላም ነጋዴ ረፋዱ ላይ እንዲመጣ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ለነጋዴው ነግሬ ለቤታችን አራጆች ግን አልነገርሁም። ጠዋት ገመድ በጥርሴ ይዤ ሳስወጥር አራጁ ብቅ ብሎ "በጎቹን እንጨርሳቸው?" አለኝ። አፌ ስለተያዘ ራሴን ነቀነቅሁ። በኋላ ወደ ጓሮ ስዞር ሁለት ቆዳ አጥር ላይ ተሰጥቷል።

ነጋዴው ቢላዋውን ስሎ መጣ። "ቀርቷል" ብዬ መለስሁት።

ያን ጊዜ አያ ኑሩ ዘንድ ሄጄ "አጥፍቻለሁ፤ ሽሮ ይብሉልኝ" ብል ኖሮ ማንም አይሞትም ነበር። እመቤቲቱ ግን "በእኔ ቤት እስላሙም ክርስቲያኑም ሥጋ በልቶ ይወጣል" ብለው ለወይዛዝርቱ አስቀድመው ተናግረዋል። ቁልፉም አለ። ሥጋ ሥጋ ነው፣ ከእኔና ከፈጣሪ በቀር ማን ያውቃል ብዬ አሰብሁ። እንዲህ ያሰብሁበትን ሰዓት ሳስታውስ እስካሁን ፊቴ ይግላል።

ጉባኤው ያማረ ነበር። የመንዞቹ ጠጉሩን እንዴት እንደሚመርጡ ተናገሩ፤ መሪጌታው ስለ አሮን ልብስ ሰፊ ነገር አወሩ። አያ ኑሩ ተነሥተው ሚስጥራቸውን አወጡ። ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ቀይ ጨርቅ ክሩን ለጥለት ከመፍታታቸው በፊት በጨው ውሃ ነክረው በጥላ ያደርቁታል፤ ይህን ሦስት ጊዜ ይደጋግሙታል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከመንዝ የመጣው አንዱ "እንዲህ ለቀለለ ነገር ነው ይህን ያህል ዘመን የደበቁን?" አላቸው።

"ስለ ቀለለ እኮ ነው የደበቅሁት" አሉ አያ ኑሩ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። እመቤቲቱም ሳቁ።

ማዕድ ቀረበ። ለአያ ኑሩ ለብቻቸው ቀረበላቸው። እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡና ዝቅ ባለ ድምፅ "ወልዴ፣ ማነው ያረደው?" አሉኝ።

"የናንተው ሰው ነው፣ አያ ኑሩ።"

"ቢስሚላህ" ብለው ጎረሱ።

ከላይኛው ማዕድ ሆነው መሪጌታው አይተዋቸው ኖሯል። ብድግ አሉና "እመቤቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት" አሉ። "ሁለቱንም በግ በስመ አብ ብዬ ባርኬ ያሳረድሁ እኔ ነኝ። ይኸው ሰውዬው ከእኛ ማዕድ በላ። ዛሬ በቤትዎ አንድ ነፍስ ዳነች።"

ሴቶቹ እልል አሉ። እመቤቲቱም ከልባቸው ደስ ብሏቸው "ክርስትና አባት እኔው እፈልግለታለሁ" አሉ። አያ ኑሩ ጉንጫቸው እንደ ሞላ ቆሙ። ጉርሻውን ኩታቸው ጫፍ ላይ ተፉና "እስላም ነው ያረደው ተብዬ ነው የበላሁት" አሉ።

"ማነው ያለህ?" አሉ እመቤቲቱ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ለማወቅ ነው የጠየቁ።

አያ ኑሩ ወደ እኔ ዞሩ። ጣታቸውን አልቀሰሩም፣ ስሜንም አልጠሩም። ራሴ እንድናገር ጠበቁኝ። እኔ ገመዱ ላይ የተሰቀለ ኩታ መርጬ የጥለቱን ክር መቁጠር ያዝሁ። ስንት ክር እንደ ቆጠርሁ አላውቅም። በመጨረሻ መሪጌታው "አፍሮ ነው፣ ይለምደዋል" አሉና ሰው ሳቀ። አያ ኑሩ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ሸማቸውን ከገመዱ አወረዱ። በአጠገቤ አልፈው ወጡ።

በሳምንቱ ቁልፉ ተሰጠኝ።

ወሬው ከአያ ኑሩ ቀድሞ አልዩ አምባ ገበያ ደርሷል። ያወራው ያ የመለስሁት ነጋዴ ነው፤ "ቢላዋ ይዤ ሄጄ መለሱኝ፣ እሱ ግን ተቀምጦ በላ" አለ። አልዋሸም። ክረምቱ ሳይገባ አንድ የጨው ነጋዴ መልእክት አመጣልኝ። ከአያ ኑሩ ጋር አብሮ የሚበላ ሰው ጠፍቷል። የልጃቸው የጋብቻ ውል፣ ኒካሁ፣ ታግዷል። የአገሩ ሽማግሌዎች "አታለለኝ የሚለው ሰው ይምጣና በአፉ ይንገረን፤ አንድ ቃል ይበቃናል" ብለዋል።

"እመጣለሁ በላቸው" አልሁት።

መጀመሪያ ዝናቡ አስቸገረ። ቀጥሎ ለመስቀል የሚሰጥ ሸማ ነበረብኝ። ከዚያ በጅሮንዱ ታመሙ። ምክንያቶቼ ሁሉ እውነት ነበሩ። እውነተኛው ምክንያት ግን እዚያ የምናገረው ቃል ዳገቱን ወጥቶ እመቤቲቱ ጆሮ እንዳይገባ መፍራቴ ነው። በዚህ መሐል የከተማው ሸማኔዎች ቀዩን ጨርቅ በጨው ውሃ ይነክሩ ጀምረዋል። ጥለቱ አይለቅም። እመቤቲቱ ለእንግዳ ሁሉ እያሳዩ ይኮሩበት ነበር።

በኅዳር አንድ ሸማኔ ኩታ አመጣ። በአውራ ጣቴ ሳሽ "አይለቅም፣ የአያ ኑሩ ሙያ ነው" አለኝ። "ባለሙያው ከሰው ተለይቶ ተቀምጧል አሉ። እኛ በሙያው እንበላለን።" እየነካካኝ አልነበረም፤ ወሬ ነው የነገረኝ። ኩታውን ሳልለካ አጠፍሁት። በማግስቱ ማለዳ ቁልፉን ለበጅሮንዱ ትቼ ቁልቁለቱን ወረድሁ።

ሽማግሌዎቹ ዋርካ ሥር ተሰበሰቡ። አያ ኑሩ ራቅ ብለው ተቀመጡ። "ማን እንዳረደው ጠየቁኝ፣ ዋሸኋቸው። ሃይማኖታቸውን ለወጡ ሲባልም ቆሜ እያየሁ ዝም አልሁ" አልሁ። አንዱ ሽማግሌ "የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አሉና ፋቲሃ የሚሉትን ጸሎት አስደገሙ። ወዲያው ምግብ መጣ፤ ከአያ ኑሩ ጋር ከአንድ ገበታ በሉ። ነገሩ ሁሉ አንድ ጋቢ ለክቼ የማጥፈውን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደም።

አያ ኑሩ እስከ መንደሩ ዳር ሸኙኝ። ሳልሸኝ ብሄድ ይሻለኝ ነበር። "ልጅዎስ?" አልኋቸው።

"የታጨላት ልጅ በመስከረም ሌላ አገባ" አሉ። ጥቂት ሄደን "ከአንኮበር መቼ ተነሣህ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ዛሬ ማለዳ።"

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። "ፀሐይዋ ገና አላዘቀዘቀችም" አሉና ተመለሱ።

ስመለስ ለእመቤቲቱ ራሴ ነገርኋቸው። ለረጅም ጊዜ አላናገሩኝም። ቁልፉን ለሌላ ሰጡ፤ ከሸማ ተቀባይነቴ ግን አልነቀሉኝም። ሰባት ወር ሙሉ የፈራሁት ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጉባኤ አዘጋጅቻለሁ። የእስላሙን በግ ወገኑ እያየው ያርዳል፤ እኔ ከጓሮው ሳልርቅ ነው የሚታረደው። አያ ኑሩን ግን የምጠራበት ፊት አላገኘሁም። ሥራዬን ለምትይዙ የምነግራችሁ ይህን ነው። እንግዳ ስለ ማዕዱ ቢጠይቃችሁ የሆነውን ንገሩት፤ ሥጋ ከሌለ ሽሮ አቅርቡለት። ዋሽታችሁ ከሆነም እዚያው ማዕዱ ላይ፣ ሰዎቹ ሳይበተኑ ተናገሩ። በኋላ የሚነገር እውነት የሚመልሰው ግማሹን ብቻ ነው።