ያልመታሁት ከበሮ

ትናንት እናቴ ብርድ ልብስ ከሻንጣ ስታወጣ የናፍታሊን ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ሳላስበው የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ጊዮርጊስ ጀርባ፣ ከጋሽ ተካልኝ ፒያኖ አጠገብ ቁጭ አልኩ። አይጥ ፈርተው ፒያኖው ሆድ ውስጥ ናፍታሊን ይበትኑ ስለነበር፣ ሙዚቃ ሁሉ ለእኔ እንደዚያ ይሸታል።

ጋሽ ተካልኝ ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ፒያሳ ሆቴል ውስጥ ለጨፋሪ ታንጎና ቻቻቻ ሲጫወቱ ኖረው፣ ጃዝ ሲለክፋቸው የራሳቸውን ሙዚቃ መድረስ ጀመሩ፤ ካረጁ በኋላ ደግሞ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰሙትን ዜማ ከጃዙ ጋር ሊያስታርቁ ተነሡ። የዚያን ድርሰት ከበሮ ለእኔ ሰጡኝ። አባቴ መሪጌታ ነው፤ ድንገት ላስደስተው ብዬ ሳልነግረው ወራት ተለማመድኩ።

ድርሰቱ የሚቀርብበት ዝግጅት ሁለቴ ተራዝሞ ዐቢይ ጾም ላይ ወደቀ። ጾሙን ሆዳችን ያውቀዋል፣ እጃችን ግን ረስቶታል። መድረክ ላይ ከበሮዬን ታቅፌ ቀና ስል አባቴ ነጭ ጥምጥሙን ጠምጥሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ለካ ጋሽ ተካልኝ ጠርተውታል! በዚህ ጾም ከበሮ እንደማይመታ፣ በመቋሚያ ብቻ እንደሚዘመም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ብመታ አባቴን በሰው ፊት ላሳፍር ነው፤ ባልመታ የሽማግሌውን የዕድሜ ልክ ሥራ ልገድል ነው። መግቢያዬ መጣ፤ እጄ ድንጋይ ሆነ። ጋሽ ተካልኝ ደገሙልኝ። አሁንም ድንጋይ።

«ሚጡ፣ ምን ነካሽ? ምቺው እንጂ!» አሉ በሹክሹክታ።

«ጋሼ... ጾም ነው።»

«ወይ ጉዴ!» አሉና አባቴን አይተው አንገታቸውን ሰበሩ። ከዚያ ከበሮው በሚገባበት ቦታ ሁሉ እጃቸውን ከፒያኖው እያነሡ ባዶውን ተዉት። እኔ ምቱን በልቤ ቆጠርኩ።

በር ላይ ቁንጥጫዬን ስጠብቅ አባቴ እኔን አልፎ ወደ ሽማግሌው ሄደ።

«ጋሽ ተካልኝ፣ ከፋሲካ በኋላ ይድገሙልን። ያኔ እንኳን እሷ፣ እኔም እመታለሁ።»

«ቃል ነው፣ መሪጌታ?»

«ቃል ነው።»

ፋሲካ ሳይደርስ ሰፈራችን ፈረሰ። ፒያኖው የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ አልወጣም ብሎ ተሸጠ፤ ጋሽ ተካልኝም ክረምቱን አልተሻገሩም።

አሁን ያን ድርሰት በምማርበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ላይ እጫወተዋለሁ። ጓደኞቼ «ዝም የምትይበት ቦታ እንዴት ያምራል!» ይሉኛል። እኔ ግን እዚያ ስደርስ ዛሬም እፈራለሁ። ያኔ የፈራሁት አባቴን ነበር፤ አሁን የምፈራው መርሳቴን ነው፤ ከበሮው እንዴት እንደሚገባ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለማ።