አማት ባሉበት ክፍል

እስቲ የጤና ጣቢያውን አጥር ተመልከቱ። ቆርቆሮው መሀሉ ላይ የጎበጠው ወንድ ሲደገፈው ነው። ውስጥ ሚስት ታምጣለች፣ ውጭ ባል ስልኩን ይጎረጉራል። ምጥ የሴት ጉዳይ ነው ይላችኋል። ስም ለማውጣት ሲሆን ግን ማን ይቀድመዋል!

የነቀምቴው ጎሚስታ ፈየራም ሚስቱ ሊሊሴ ያማጠች ቀን እዚያው ቆሞ ነበር። ደንታ ቢስ ሆኖ አይደለም። ሊሊሴ ከፀነሰች ጀምሮ ውኃ የሚቀዳው፣ ክትትል የሚያደርሳት እሱ ነው። የቡርቃ ጃቶ ሰፈር ጓደኞቹ "ቀሚሱን መቼ ነው የምትለብሰው?" ሲሉት ጎማውን እየፈታ ይስቃል። የከበደው ሌላ ነው፤ አማቱ። አዴ በቀለች ልጃቸውን ሊያርሱ ከአርጆ መጥተዋል፣ አሁንም ማዋለጃው ውስጥ አጠገቧ ናቸው። እሳቸው ባደጉበት ሥርዓት አማትና አማች ፊት ለፊት አይተያዩም፣ ስም አይጠራሩም፤ ሶዳ ነው የሚባባሉት። ከመጡ ወዲህ ፈየራ እራቱን የሚበላው ሱቁ ውስጥ፣ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነው።

አዋላጇ ሲስተር ድርቤ ብቅ አለች።

"የሊሊሴ ባል! ና፣ ትጠራሃለች። ፈርታ ጉልበቷን በከንቱ እየጨረሰች ነው። ወገቧን የሚደግፍላት ያስፈልጋል፣ እናቷ ደክመዋል።"

"ሶዳዬ ውስጥ ናቸው እኮ።"

"እና?"

"ነውር ነው።"

"ነውሩን ኋላ ትማከሩበታላችሁ!"

አጥሩን የተደገፈው ባለሞተሩ ጆቴ ሳቀ። "ምን ልትሠራ ነው ፈየራ? ንፋስ ልትሞላላት?"

ፈየራ በሩ ድረስ ሄደና ደረቀ። ሚስቱ ስሙን እየጠራች ሰው በይሉኝታ በር ላይ ይቆማል? ይቆማል! ስንቱ ቆሟል!

አዴ በቀለች ከውስጥ ሁሉንም ሰምተዋል። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ፣ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"ድርቤ፣ ይግባ በይው። እኔ ማንንም አላየሁም።"

ገባ። እጁን በሳሙና ፈተገ፤ የጥፍሩ ጥቁረት ግን አልለቅ አለ። ከሊሊሴ ጀርባ ተንበረከከ።

"የት ነበርክ?" አለችው።

"አጥሩ ጋ።"

"አጥሩ ነው የሚያምጠው?"

ድርቤ ቦታውን አሳየችው። "እዚህ ጋ ተጫን። ጎማ አይደለም፣ ቀስ!"

"ምን ቀስ! ጠበቅ አድርግ!" አለች ሊሊሴ።

ጠበቅ አደረገ። ትንፋሿ ተረጋጋ። ድርቤ "ግፊ!" ስትላት ጀርባዋን ደረቱ ላይ ጥላ ገፋች። ሴት ልጅ መጣች፣ ክፍሉን በለቅሶ ሞላችው። ከነጠላው ስር እልልታ ፈነዳ። ነጠላው ትከሻቸው ላይ ወደቀ፤ የመለሰውም የለም።

"ሶዳ ኮ፣ የኔ ሶዳ፣ እጅህ ይባረክ" አሉ አዴ በቀለች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ለራሱ።

ፈየራ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እያለቀሰ ይስቃል።

ሲወጣ ጆቴ አልቀለደበትም። "ደህና ናት?"

"ሁለቱም ደህና ናቸው።"

ጆቴ ጫማውን እያየ ቀጠለ። "የኔዋም ወሯ ገብቷል። እኔንም ያስገቡኛል?"

ያስገቡሃል እንጂ! አንተም አንባቢ ሆይ፣ የሚስትህ ቀን ሲደርስ ጀርባህን ከአጥሩ አንሳ፣ እጅህን ታጠብና ግባ። እርስዎም እናቴ፣ አማችዎ በር ላይ ሲያመነታ ካዩ፣ እባክዎ ነጠላዎን ሳብ አድርገው ይግባ ይበሉልን።