በወይባ ጢስ የሸፈንኩት ሲጋራ

መጀመሪያ የተንቀጠቀጠው እጄ ነው። የግንቦት ቀትር ነበር፤ ሸዋ ሮቢት በሙቀት ትነዳለች። የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ወጥ ሳማስል ማማሰያው ከጣቴ ወደቀ። ልቤ ይደልቃል፣ ላብ ያጠምቀኛል። ወባ መስሎኝ ኪኒን ዋጥኩ፤ ትኩሳት ግን አልነበረኝም። የያዘኝ ፍርሃት ነው። የመጀመሪያ ልጄ ባለፈው ዓመት ሞቶ ተወልዷል፤ ይሄኛውንም የምቀብር መሰለኝ። ግጥም የምሞክርበት ደብተር ነበረኝ፤ ያን ሰሞን ሁለት ስንኝ መግጠም አቃተኝ።

ባለቤቴ መምህር ነው፣ ሲጋራ ያጨሳል። አንድ ቀን ከፓኮው አንዷን ወስጄ ለኮስኩ። እጄ ረጋ። መድኃኒቴን ያገኘሁ መሰለኝ። ብዙም ሳልቆይ ከሱቅ በፍሬ መግዛት ጀመርኩ።

ሴት አጨሰች ከተባለ ነውር ነው። የቆላ ሴት ግን፣ በተለይ አራስ ስትሆን፣ በወይባ እንጨት ጢስ ገላዋን ትታጠናለች። እኔም ካጨስኩ በኋላ የሲጋራው ሽታ እንዳይታወቅብኝ ጓዳ ካለው ጉድጓድ ወይባ አጫጭሼ፣ ጋቢ ተከናንቤ እቀመጥበታለሁ። ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ በአጥሩ ላይ ይጣራሉ፦

«አንቺ! ሳትወልጂ አራስ ሆንሽ እንዴ?»

«ወገቤን አሞኝ ነው፣ እትዬ።»

«ተይ፣ ልጁ እንደ ሽምብራ ተቆልቶ እንዳይወጣ!»

እስቃለሁ። ሲሄዱ አለቅሳለሁ።

በሰባተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት ልጁ አልተንቀሳቀሰም። ውኃ ጠጣሁ። በጎኔ ተኛሁ። ምንም። ሲጋራ ለኮስኩ። እጄ አልረጋም። ያኔ ጮህኩ።

እትዬ ዘነቡ ደግፈው ክሊኒክ አደረሱኝ። በሽተኛ የሚያዩት የክሊኒኩ ድሬሰር የእንጨት ማዳመጫቸውን ሆዴ ላይ አስደግፈው ጆሯቸውን አስጠጉ። ቦታ ቀየሩ። እንደገና ቀየሩ።

«አለ» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልቡ ደከም ብሏል። ሆድሽም ከወሩ ያንሳል። ታጨሻለሽ?»

«ወይባ ነው።»

እጄን ገለበጡት፤ ሲጋራ የምይዝባቸው ጣቶቼ ቢጫ ሆነዋል። «ወይባማ ሁለት ጣት ለይቶ አያቀልምም።»

ቁጣ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን «ምን አስፈርቶሽ ነው?» አሉኝ። እስከዚያ ቀን ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ነገርኳቸው።

«ጢሱ ለልጁ የሚደርሰውን አየር ይቀንሳል። ሲጋራውንም ወይባውንም ዛሬውኑ ተዪ። ፍርሃቱም ሕመም ነው፤ ብቻሽን አትያዢው።»

የመጀመሪያው ሳምንት ከፍርሃቱም የባሰ ነበር፤ ሌሊቱን እንቅልፍ፣ ቀኑን ትዕግሥት አጣሁ። ባለቤቴ ሁሉን ከሰማ ወዲያ ቤት ውስጥ ማጨስ ተወ፤ እትዬ ዘነቡም በየቀትሩ እንዝርትና ጥጥ ይዘው እየመጡ፣ ጣቶቼ ሥራ እንዳይፈቱ እያስፈተሉ፣ የፈራሁትን ሁሉ ሳያቋርጡ ይሰሙኝ ነበር። በየሳምንቱ ድሬሰሩ ዘንድ እየሄድኩ ያን የእንጨት ማዳመጫ ስጠብቅ ትንፋሼን እይዛለሁ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ትንሽ ናት፤ መጥባት እስክትለምድ ብዙ ደከመች። እትዬ ዘነቡ ታቅፈዋት «ይቺማ ሳትቆላ አመለጠች!» አሉ።

ለእሳቸውና ለድሬሰሩ ምስጋናዬ ከዕድሜዬ ይረዝማል። እህቴ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ለሚያምንሽ ሰው ንገሪ፤ ጢስ አያድንሽም። ልጅሽ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ ወዲያው ሂጂ። እኔ ያን ጠዋት አንድ ሲጋራ እስኪያልቅ ጠብቄያለሁ። ልጄ ደረቴ ላይ ተኝታ ስትተነፍስ እንኳ ያቺን ሲጋራ እፈራታለሁ።