ያርጋልና የዳባት መንገድ እንቆቅልሽ

ያርጋልን የማውቀው ጎረቤቴ ስለነበረ ነው። እኔ ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ያለበት ሱቅ ነበረኝ። እሱ ደግሞ ከጎኔ ባለች የቆርቆሮ ዳስ ሥር ብስክሌት ይጠግናል፣ ለጎረምሶችም በሰዓት ያከራያል። ሙያውን የተማረው አሥመራ ነው። በደርግ ጊዜ ለውትድርና ተወስዶ እዚያ ሲቆይ ከአንድ ሽማግሌ ብስክሌት ጠጋኝ ጋር ተወዳጀ፤ እረፍት ባገኘ ቁጥር ከሰውየው ሱቅ አይጠፋም ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን በሱዳን በኩል ዞሮ፣ ከስቶ፣ ባዶ እጁን አገሩ ገባ። «ጦርነቱ ያተረፈልኝ ይሄን ብቻ ነው» ይለኝ ነበር፣ የተጣመመ ጎማ እያቃና።

ረጅም፣ ቀጭን፣ አነጋገሩ ዝግ ያለ ሰው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ከአባቱ የደረሰው ማሳ አለው፤ በክረምት ገብስና ባቄላ ይዘራበታል። ከባለቤቱ ከበለጠች ጋር ልጅ አልበረከተላቸውም።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ ጥቅምት ላይ፣ አንዲት ፈረንጅ ከዛሪማ ተነስታ ሊማሊሞን ብስክሌቷን እየገፋች ወጥታ ከተማችን ደረሰች። የኋላ ጎማዋን የወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ራጂ የምንላቸው፣ ተበጣጥሰው ጎማው እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ ነበር። ስሟ አኔሊ፣ አገሯ ስዊስ ነው። የሷን ልክ የሚሆን ራጂ ደባርቅ ከየት ይመጣል? ያርጋል ከአሮጌ ብስክሌት ነቅሎ፣ እየቆረጠ፣ ጫፉን እየሞረደ ሠራላት። በማግስቱ ብስክሌቷን ልትሞክር ስትነሳ አብሯት እንዲነዳ ለመነችው። ሁለቱን ብስክሌት አውቶቡስ ላይ ጭነው ዳባት ሄዱ፤ ከዚያ በወቅን በኩል ቀኑን ሙሉ እየነዱ ተመለሱ።

አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሰው ሱቄ ገቡ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ልታስረዳው ፈልጋ ኖሯል፤ እኔ ላስተረጉም ተቀመጥኩ።

«ሰዎች በየአገሩ ትንንሽ ሣጥን ይደብቃሉ» አለች። «ስለ ሣጥኑ ኢንተርኔት ላይ ይጽፋሉ። ሌሎች በጂፒኤስ እየተመሩ ይፈልጉታል። ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፍና ቦታው ይመልሰዋል።»

«ከዚያስ?» አለ ያርጋል።

«ከዚያ ሌላ ሰው ይመጣል።»

«ምን ሊወስድ?»

«ምንም። ለማግኘት ብቻ።»

ያርጋል ዘወር ብሎ አየኝ። በትክክል ተርጉሜለት እንደሆነ የተጠራጠረ ይመስላል።

እሷም እንዲህ ያለ ሣጥን በዚያው ቀን ደብቃለች። ከመንገዱ ራቅ ብሎ፣ የስሜን ገደል ፊት ለፊት በሚታይበት ጉብታ ላይ፣ ከአንድ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሲደበቅ ያየው ያርጋል ብቻ ነው። የሚፈልግ ሰው ከዳባት እስከ ደባርቅ በብስክሌት እየነዳ ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት። በመንገዱ ዳር በቆመው የጥንት የኪሎ ሜትር ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ምንድን ነው? የአሮጌው ድልድይ የብረት አጥር ስንት ቋሚ አለው? በወፍጮ ቤቱ በር ላይ የተጻፈው ዓመተ ምሕረት የትኛው ነው? መልሶቹ ሲገጣጠሙ ጂፒኤሱ ወደ ቋጥኙ ይመራል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን የትም አያደርስም።

«ሰው ቢጠፋበት እንኳ ቦታውን እንዳትነግረው» አለችው። «ብስክሌት ስጠው፣ ውሃ ስጠው፤ መልሱን ግን ራሱ ይፈልግ። አንተም ወደ ቋጥኙ አትመላለስ፤ ሰው ካየህ ሣጥኑ አይሰነብትም።»

«ኪዳነምሕረትን! ከአፌ አይወጣም» አለ ያርጋል።

ኢንተርኔቱ ላይ ጥያቄዎቹን ስትጽፍ ከሥር «ደባርቅ ስትደርሱ ያርጋልን ጠይቁ፤ ጥሩ ብስክሌት አለው» ብላ ጨመረችበት። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሳሳየው ጣቱን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አድርጎ ለብዙ ጊዜ ተመለከተው።

ጥር ላይ እውነትም ሁለት ወጣቶች መጡ። የሱን ብስክሌት ተከራይተው ዳባት ሄዱ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እየጮሁ ተመልሰው አቀፉት። ከነሱ በኋላም በየወሩ አንድ ሁለት ሰው ብቅ ይል ጀመር። የያርጋል ፊት ፈካ። መንገድ ለመንገድ ሲሄድ ጎረምሶች «ባለ ሣጥኑ!» ይሉታል፤ እሱም ይስቃል። ያን ጊዜ ነው የእርሻ በሬዎቹን ሸጦ ጎንደር ወርዶ ባለ ማርሽ ብስክሌቶች የገዛው። ማሳውንም አለነ ለሚባል ጎረቤቱ የእኩል ሰጠ።

በለጠች ዳሱ ድረስ መጥታ ስትቆጣው ሰምቻለሁ።

«በሬ የሌለው ሰው ምን ይባላል? እስቲ ንገረኝ!»

«ነጋዴ ይባላል» አላት።

«ምን የሚነግድ? ሰው ተደብቆ የሚጫወትበትን?»

«በለጡ፣ እነዚህ ሰዎች ከባሕር ማዶ ስሜን ጠርተው ነው የሚመጡት። የኔን ስም! ከዚህ በፊት ማን ጠርቶኝ ያውቃል፣ ለጦርነት ካልሆነ?»

ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ብዙም ሳይቆይ የአስፋልቱ ሥራ በዳባት በኩል ደረሰ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር፤ ያን አቧራና ጭቃ የበላ ሰው አስፋልት አይጠላም። ያርጋልም መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። አንድ ቀን ግን ዶዘሩ ወደ ኪሎ ሜትሩ ድንጋይ መቃረቡን ሰማና ብስክሌቱን አንስቶ በረረ። እኔም ዳባት ጉዳይ ስለነበረኝ በመኪና ሳልፍ ከፎርማኑ ጋር ሲነጋገር ደረስኩበት፤ ወርጄ ቆምኩ።

«ጌታዬ፣ ይቺን ድንጋይ ብቻ ተዉልኝ። ወይም ትንሽ ወደ ዳር አድርጋችሁ ትከሉልኝ» ይላል።

«የመቃብር ነች?» አለው ፎርማኑ።

«አይደለችም። ሰው ከሩቅ መጥቶ የሚያነባት ነች።»

ፎርማኑ ክፉ ሰው አልነበረም። ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እኔ የምታዘዘው በፕላኑ ነው ወንድሜ። ፕላኑ ላይ ድንጋይ የለም» አለ። ዶዘሩም ድንጋዩን ከአፈሩ ጋር ገፍቶ ወደ ገደሉ ሰደደው። በዚያው በጋ የአሮጌው ድልድይ ብረት ተነቅሎ በሲሚንቶ ተተካ። ወፍጮ ቤቱም ለመንገዱ ማስፊያ ፈረሰና ባለቤቱ ካሣውን ይዞ ጎንደር ገባ።

ለአኔሊ ጻፍንላት። እሱ ይናገራል፣ እኔ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። «ሦስቱም የሉም። አዲስ ጥያቄ ይውጣላቸው። እኔ ቦታ እመርጣለሁ» አለ። መልስ ሳይመጣ ክረምት ገባ። በየጠዋቱ «ሸሀቡ፣ መልስ አለ ወይ?» እያለ ሱቄ ብቅ ይላል። በመጨረሻ አጭር ደብዳቤ ላከች፤ ልጅ ወልዳለች፣ ወደ እኛ አገር መምጣት አትችልም፣ ጨዋታውንም ከተወችው ቆይታለች፤ በጣም አዝናለች። ስተረጉምለት «ልጅ ወለደች? እግዚአብሔር ያሳድግላት» አለና ወጣ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰዎች ከዳባት ደባርቅ ሲመላለሱ ውለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ያርጋል ቦታውን እያወቀ ውሃ ያቀብላቸዋል፤ ይሰናበታቸዋል። አንዳንዶቹ ተናደው ስለ እሱ መጥፎ ጻፉ፤ ያንን ግን አልተረጎምኩለትም። በዚያ ላይ ባጃጅ ከተማውን ሞላው፤ ጎረምሶቹም ብስክሌት መከራየት ተዉ። ባለ ማርሾቹ ብስክሌቶች ዳሱ ውስጥ ተደርድረው ጎማቸው መተንፈስ ጀመረ።

የመጨረሻው ሰው የመጣው ኅዳር ላይ ነው። ፀጉሩ የነጣ፣ ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በየአገሩ እንዲህ ያለ ሣጥን እየፈለገ ነው የሚኖረው። ለቀናት መንገዱን ሲያስስ ሰንብቶ፣ ፊቱ በፀሐይ ተልጦ ከያርጋል ዳስ በርጩማ ላይ ዘፍ አለ። በለጠች ለባሏ ምሳ ይዛ መጥታ ነበርና አየችው።

«ንገረው እንጂ!» አለች። «ሽማግሌ ሰው አይደሉም? ነፍስ የለህም?»

ያርጋል እኔን አየ። ከዚያ ብድግ ብሎ ሽቦ አነሳና መሬት ላይ መንገዱን፣ ጉብታውን፣ ቋጥኙን ሣለ። «እዚህ ነው በለው ሸሀቡ» አለኝ። «እኔ ራሴ እወስድዎታለሁ በለው።»

ተረጎምኩ። ሽማግሌው መሬት ላይ ያለውን ሥዕል አንዴ አየና ዓይኑን ጨፈነ።

«ለምን ነገርከኝ?» አለ። «ከነገርከኝማ አላገኘሁትም ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አልፈልገውም።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱ ራሱ ያዘነ ይመስል ነበር። እንቆቅልሹ እንደማይፈታ ለባለ ድረ ገጾቹ እንደሚያሳውቅ ነግሮን፣ የያርጋልን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠና ወጣ። በማግስቱ በመኪና ወደ ስሜን ፓርክ፣ ወደ ቡይት ራስ ሲያልፍ አየነው።

«ማልሁ፤ መሐላዬን አፈረስሁ፤ ለሰውየውም አልሆነ» አለኝ ያርጋል አንድ ቀን። ሣጥኑን አውጥቼ እቤቴ አስቀምጠዋለሁ ብሎ ተነሳ፤ ብቻውን እንዳይሄድ አብሬው ሄድኩ። ጉብታው ላይ ስንደርስ ቋጥኝ የለም። ለመንገዱ ጠጠር ሲወጣበት ቆይቶ ኖሮ ቦታው ጎድጉዶ ውሃ አቁሯል። በአቅራቢያው ባቄላ የሚያጭዱ ሰዎችን ጠየቅናቸው።

«ድማሚቱ ሲፈነዳ ድንጋዩ እስከ እኛ ቤት መጥቷል» አሉን። «ሣጥን? እኛ ሣጥን አላየንም።»

ያርጋል ጉድጓዱ ጫፍ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ ቆየና «እንግዲህ ያን ሁሉ ሰው የሰደድሁት ወደዚህ ነበር» አለ።

ወዲያው ድረ ገጹ ላይ «ተዘግቷል» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። አነበብኩለት።

«ስሜስ?»

«ስምህ አሁንም አለ።»

«አውጡልኝ በላቸው። ሰው አይቶ መጥቶ እንዳይንከራተት።»

ጻፍኩላቸው። መልስ አልመጣም።

ቀጥሎ በመጣው ክረምት አገሩ ታወከ፤ ቱሪስት የሚባል ጠፋ። ያርጋል ብስክሌቶቹን ለቁራሊዮ ሸጦ፣ በዚያ ዕድሜው ከጎረምሶች ጋር ሰሊጥ አጨዳ ወደ ቆላ ወረደ። የተመለሰው ወባ ይዞት፣ ሰው ደግፎት ነው። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ አልተመለሰም። ዘበኝነት እንኳ ላስቀጥረው ሞክሬ ነበር፤ አይተውት «አይችልም» አሉኝ።

ባለፈው ሰኔ ልጠይቀው ሄድኩ። መደብ ላይ ጋቢ ደርቦ ተኝቷል። ስለ ጤናው ጠየቅኩት፤ ስለ ሱቄ ጠየቀኝ። ስወጣ በለጠች ደጅ ድረስ ሸኘችኝ።

«አለነ ዘንድሮ የእኩሉን ትቶ ማሳውን ጠቅላላ ለብዙ ዓመት ልከራየው ብሏል» አለችኝ።

«ያርጋል ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ ሸሀቡ ወንድሜ? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔው እሺ ብዬ ለአለነ ላክሁበት።»

ዝናቡ መጣል ጀመረ። እሷ የተሰጣ ብቅሏን ልታነሳ ሮጠች፤ እኔም መንገዴን ቀጠልኩ።