አያቴ እህል የተዉበት ክረምት

ባለፈው ዓመት በደሳ ከተማ ለልቅሶ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ፣ ከጓሮ በኩል የሆጃ ሽታ መጣ። የደረቀ የቡና ቅጠል ታምሶ፣ በውሃ ተንተክትኮ፣ ወተትና ትንሽ ጨው ሲገባበት የሚሸተው ያ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ አጠገቤ ያሉት ሰዎች የሚያወሩት ሁሉ ራቀብኝና ልቤ ጭሮ ከተማ፣ ከተራራው ሥር ወዳለው ቤታችን ሄደ።

ቤታችን ውስጥ ሆጃ የሚያፈሉት አያቴ አባባ ወልዴ ነበሩ። የአባቴ አባት ናቸው። በጉልምስናቸው ሚኤሶ የባቡር ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው፣ የቆላው ሙቀት ሲበቃቸው ወደ ጭሮ ወጥተው ከእኛ ጋር ይኖሩ ነበር። አባቴ አንድያ ልጃቸው ነበር። ዕድሜያቸውን በትክክል አያውቁትም፤ ሲጠየቁ «አብሮ አደጎቼ አልቀዋል፣ ማን ይመስክርልኝ?» ብለው ይስቁ ነበር። በደሳ የሚኖሩት ታናሽ እህታቸውም ጎብጠው እንኳ በእግራቸው ገበያ ይወጡ ስለነበር፣ የሰፈራችን ሰው «የእነሱን ዘር ሞት ረስቶታል» ይል ነበር።

መስከረም ጠብቶ የመንገዱ ጭቃ ሲጠነክር፣ አያቴ ወፍ ሳይንጫጫ ተነስተው ኪዳን ያደርሱና፣ ተመልሰው ሆጃቸውን አፍልተው ለእኔና ለታናሽ ወንድሜም ቀድተው፣ ከዚያ ጓሮ ገብተው ፀሐይዋ እስክትበረታ ድረስ ጎመኑንና ማሽላውን ሲኮተኩቱ ይቆዩ ነበር። ምሳቸውን በልተው ጥቂት ያርፋሉ፣ እራታቸውን ገና ሳይመሽ ይበላሉ፣ ሁልጊዜም ሳይጠግቡ እጃቸውን ከገበታው ያነሳሉ። እናቴ መጀመሪያ ላይ ምግቧ አልጥም ብሏቸው መስሏት ታዝን ነበር፤ ኋላ ግን ልማዳቸው መሆኑ ገባት። ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሐጂ ዩያ የአስር ሶላታቸውን ሰግደው ይመጡና፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች እስከ ምንጩ ድረስ ቀስ ብለው ሄደው ይመለሱ ነበር። ብዙም አያወሩም። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይቆማል፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይከተላል። መንገድ ላይ የሚያገኛቸው ሰው «አባባ፣ ምን እየበሉ ነው እንዲህ የጠነከሩት?» ሲላቸው፣ አያቴ ደስ ብሏቸው ጎመኑን፣ ማሽላውን፣ እርምጃውን እየዘረዘሩ ይናገሩ ነበር።

በጋ ሲገባና ማሽላው ሲታጨድ ቤታችን የደስታ ቤት ነበር፤ አባቴን ግን እምብዛም አናየውም። አባቴ የጫት መኪና ሹፌር ነበር። ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት፣ ጭነቱ እንዳለቀ ቁልቁል ወደ ቦርደዴና ወደ ሚኤሶ ይበርራል፣ እንቅልፉን ለማባረርም የጫነውን ራሱ ይቅማል። ሲመለስ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ምግብ ቀርቦለት እንኳ በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ ይተወው ነበር።

«ልጄ፣ ተኛ። ሰውነት ቂም ይይዛል» ይሉት ነበር አያቴ።

«እሺ አባባ፣ ይህቺን ዓመት ብቻ ልሥራ፤ ከዚያ እንደ እርስዎ እተኛለሁ» ይላቸው ነበር። ሊያታልላቸው አልነበረም፣ እውነቱን ነበር።

የበልግ ዝናብ ሊጥል ጉም በተራራው ላይ በተኛበት አንድ ጠዋት፣ አባቴ ከመንገድ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ «ዛሬ ደክሞኛል፣ ትንሽ ልተኛ» አለ። አያቴ ደስ አላቸው። ከጓሮ ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና፣ እኔና ወንድሜን እንዳንጮህ ተቆጡን፣ ዶሮዎቹን በከዘራቸው አባረሩ፣ ሰው ሲመጣም «ልጄ ተኝቷል፣ ኋላ ኑ» እያሉ መለሱ። ያን ጠዋት ሙሉ የልጃቸውን እንቅልፍ ሲጠብቁ ዋሉ። ምሳ ሲደርስ ሊቀሰቅሱት ገቡ። ወጥተው የበሩን መቃን ይዘው ቆሙ። እናቴ ፊታቸውን አይታ ሳህኑን ከእጇ ጣለችው።

በልቅሶው ሰሞን እኔ ከአያቴ ጎን አልለይም ነበር። አንድ ቀን ከኋላችን የተቀመጠች ሴት ለጎረቤቷ «ሽማግሌውማ ምን ይሆናሉ? የልጃቸውን ዕድሜ ደርበው እየኖሩ» ስትል ሰማኋት። እሳቸውም ሰምተዋል። ዞር ብለው አላዩአትም፤ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ድረስ ሳብ አድርገው ተሸፈኑ።

ክረምቱ ሲገባ አያቴ እህል ተዉ። መጀመሪያ ሳህናቸውን ወደ እኔና ወደ ወንድሜ ገፋ እያደረጉ «እናንተ ብሉ» ይሉ ነበር፤ ቆይተው ወደ ገበታውም መቅረብ ተዉ። ኪዳን መሄዱ ቀረ፣ ሆጃው ቀረ። ጓሮውን አረም ዋጠው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ውሎ ሲያድር፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ይተኙ ነበር። ሐጂ ዩያ በየቀኑ ጃንጥላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ደህና ዋል ብለው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ግን እንዲሁ መሄድ አልቻሉም።

«ወልዴ፣ እህል ለምን ተውክ?» አሉ።

«ስበላ ልጄን የምበላ ይመስለኛል።»

ሐጂ ወደ አልጋው ጠጋ አሉ። «የሴቶቹን ወሬ ሰምተሃል። ዕድሜ የሚሰጥ አላህ ነው፣ አንተ ከልጅህ አልሰረቅክም። እኔ ልጆቼን ስቀብር ጉድጓድ ድረስ የሸኘኸኝ አንተ ነህ። ያን ጊዜ፣ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ የልጆችህን ዕድሜ ወሰድክ አልከኝ?»

«አላልኩህም።»

«ታዲያ ለራስህ ለምን ትላለህ?»

አያቴ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ቢሆንም አልበሉም።

በማግስቱ እናቴ የማሽላ ገንፎ ሠርታ ገባችና፣ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። እሷም ቀሚሷ ከላይዋ ላይ የሚወድቅ እስኪመስል ከስታ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ግን ማናችንም ልብ አላልናትም።

«አባባ፣ እኔም አልበላሁም» አለች። «እርስዎ ካልቀመሱ አልቀምስም። ሁለታችንም ከሄድን እነዚህን ልጆች ማን ያሳድጋቸዋል?»

አያቴ ዞረው ትክ ብለው አዩአት። ከዚያ በክንዳቸው ተደግፈው ተነሱና፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእሷ አጎረሱ። እሷ ስትውጥ እሳቸውም ቆርሰው በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር፤ ሁለቱም መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው፣ አንዱ የሌላውን እጅ እየተከታተለ።

አያቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። ጓሯቸውንም መልሰው ኮተኮቱ፣ እኔ ትምህርቴን ስጨርስም አዩ። ሐጂ ዩያ ቀደሟቸው። ከሐጂ ቀብር በኋላ ከሰዓት ከሰዓት ደጃፉ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው መንገዱን ሲያዩ ይውሉ ነበር። የጥንካሬያቸውን ምሥጢር የሚጠይቃቸው ሰው አሁንም አልጠፋም፤ እሳቸው ግን መዘርዘሩን ትተው «የሰጡኝን ነው የምበላው» ይሉና ስለ ዝናቡ ወይም ስለ ማሽላው ያነሱ ነበር። ያረፉት ተኝተው ነው፤ እናቴ ናት ያገኘቻቸው።

አሁን እኔ አዳማ እኖራለሁ፣ አባቴ የሞተበትንም ዕድሜ አልፌዋለሁ። ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩባቸው አገሮች የሚናገር ነገር ስልኬ ላይ ሲመጣልኝ እከፍተዋለሁ፤ ጎመኑ፣ እርምጃው፣ ሳይጠግቡ መነሳቱ፣ በጊዜ መተኛቱ፣ ሁሉም በልጅነቴ ያየሁት ነው፣ እኔም የቻልኩትን አደርጋለሁ። ወንድሜ ድሬዳዋ ነው። እናቴ ጭሮ በዚያው ቤት ብቻዋን አረጀች፤ የሚያውቋት ጎረቤቶቿ ግማሾቹ ሞተዋል፣ ግማሾቹ ቤታቸውን ሸጠው ሄደዋል። በየማታው እደውልላታለሁ።

«እማዬ፣ በላሽ?» እላታለሁ።

«በልቻለሁ ልጄ፣ አንቺስ?» ትለኛለች።

አያቴ አልበላም ሲሉ ጃንጥላውን ይዞ የሚመጣ ሰው፣ ፊታቸው መሬት ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበራቸው። እኔ የእናቴን ሳህን አላየውም። በልቻለሁ ስትለኝ፣ አምኜ ስልኩን እዘጋለሁ።