«አላውቅም» የምትለው ካሜራ

የዚያን ዕለት ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ልዝነብ ወይስ ልተው እያለ ሲያመነታ ቆየና ረፋዱ ላይ ቁርጡን አውቆ ወረደ። የሕንጻው የመስተዋት በር በእንፋሎት ታፈነ፣ ደረጃው ጭቃ በጭቃ ሆነ። የሚገባው ሁሉ ዣንጥላውን የዘበኛው ጠረጴዛ አጠገብ እያራገፈ ያልፋል። ሌላ ቀን ቢሆን የሕንጻው ኃላፊ ባለቁልፏ ሁሉንም በተራ ትቆጣ ነበር። ያን ዕለት ግን ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል ይዛ የሕንጻው ጌታ ከሩቅ የሚላትን ትሰማለች።

«ማሽኑ ስሟን ከጠራ ሌላ ምን ትጠብቂያለሽ? ዛሬውኑ አሰናብቻት።»

«እስከ ሥራ መውጫ ይታገሡኝ» አለችና ስልኩን ዘጋች።

አሰናብቻት የተባለችው ደረጃ የምትወለውለው ሴት ናት። ከአፏ ቃል ስለማይወጣ ዝምተኛዋ ይሏታል። ከጨርቅ ነጋዴው መጋዘን አንድ ጣቃ የመጋረጃ ጨርቅ ጠፍቶ፣ በሙከራ የተሰቀለው ካሜራ በምሳ ሰዓት ወደ መጋዘኑ የገባችው እሷ ናት ብሎ ስሟን ጽፎ ተገኘ። ሌባ የተባለችን የጽዳት ሠራተኛ ደግሞ ሌላ ሕንጻ አይቀጥራትም። ወሬ ከሰው ቀድሞ ይደርሳል።

ባለቁልፏ ስሟን ያገኘችው ወገቧ ላይ ከምትታጠቀው የቁልፍ ዘለላ ነው። ስትመጣ ከእግሯ ኮቴ በፊት የቁልፉ ድምፅ ይሰማል። ባሏ ልጆቿን ጥሎባት የሄደ ጊዜ እዚሁ ሕንጻ ደረጃ በመወልወል ጀመረች። ቀስ በቀስ የመጋዘን ቁልፍ ተሰጣት፣ ከዚያ የሕንጻው ጠቅላላ ቁልፍ፣ በመጨረሻ ኃላፊነቱ። ማንም እንኳን ደስ ያለሽ አላላትም፤ ቧንቧ ሲፈነዳ ግን ሁሉም የሚጠራው እሷን ነበር። አንድ ጠባይ ነበራት፦ ምንም ነገር ሳትፈትን አትገዛም። መጥረጊያ እንኳ ሱቁ ደጃፍ ላይ ጠርጋበት ነው የምትከፍለው። «ዕቃ እንደ አማች ነው፤ ቤት ገብቶ ካልከረመ ጠባዩ አይታወቅም» ትላለች።

ከሁለተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊዎች ስልክ፣ ከጥርስ ሐኪሙ ክፍል ካፖርት ሲጠፋ ተከራዮቹ የሰው ፊት የሚለይ ካሜራ ይገዛ ብለው ጮኹ። የሕንጻው ጌታም ምርጫውን ለእሷ ተወው። እንደ ልማዷ ሁለት ሻጮች ጠርታ «ሁለታችሁም በየተራ ስቀሉና እንያችሁ» አለቻቸው። ማሽኑ ሰው እንዲለይ ፎቶ ያስፈልጋል ስለተባለም የሕንጻውን ሰው ሁሉ ፎቶ አምጡ አለች።

ሰዉ ፎቶ ሲባል ምን ያደርጋል? ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ፎቶ ቤት ሄደ። ያ ፎቶ ቤት ሙሽራ የሚያነሳ ነው፤ መልክ ማሳመር ይችልበታል። የሸበተውን አጠቆረ፣ የወየበውን አቀላ፣ የተሸበሸበውን ተኮሰ። የባለቁልፏን የልጅነት የግንባር ጠባሳ ሳይቀር አጠፋላት። ፎቶዎቹ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ ሁሉም ያንድ እናት ልጆች መስለው ቁጭ አሉ። ባለቁልፏ የራሷን ደጋግማ አየችው። ደስ አላት፤ መቼስ ሰው ናት።

መጀመሪያ ካሜራዋን የሰቀለችው መነጽር ያደረገች ዝግ ያለች ቴክኒሻን ነበረች። ባለቁልፏ በሩ ጋ ስትቆም ስክሪኑ «አልታወቀም» ብሎ ጻፈ። ጥርስ ሐኪሙም አልታወቀም፣ ልብስ ሰፊዎቹም አልታወቁም። ሰዉ ሳቀ።

«እትዬ፣ ፎቶው እኮ እርስዎን አይመስልም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«መልኬን ልታሳጪኝ ነው የመጣሽው? በገዛ ደጄ አላውቅሽም የምትለኝን ምን ላደርጋት!» ብላ ከነካሜራዋ ሸኘቻት።

ሁለተኛው ሻጭ ምላሱ ማር ነው። የእሱ ካሜራ ያለፈውን ሁሉ በስሙ እየጠራ እንኳን ደህና መጡ ይላል።

«እናቴ፣ ይህ ካሜራ ስቶ አያውቅም።»

«ባሌም ሲያገባኝ እንዲሁ ብሎኝ ነበር» አለች ባለቁልፏ። ይሁን እንጂ ሰዉ ስለወደደው ጥቂት ቀን ይክረም ብላ ዋናው በርና የመጋዘኑ መተላለፊያ ላይ አሰቀለችው። ጣቃው የጠፋው በእነዚያ ቀኖች ነው።

እንግዲህ ያን ዝናባማ ረፋድ ስልኩን ዘግታ ወደ ዘበኛው ጠረጴዛ ስትሄድ ጨርቅ ነጋዴው ዝምተኛዋ ላይ እየጮኸ ሳለ ደረሰች። ሴትዮዋ መወልወያዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«እኔ ጠብ የለኝም» አለ ነጋዴው ወደ ባለቁልፏ ዞሮ። «ያለው ማሽኑ ነው።»

«ማሽኑ ያለውንማ ሰማሁ ጋሼ። እርስዎስ አይተዋታል?»

«እኔማ አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም።»

ካሜራው የያዘውን ምስል አስከፈተች። አንዲት ሴት አንገቷን ደፍታ፣ ሻሽ ግንባሯ ድረስ ወርዶ፣ ብርሃኑ ከኋላዋ ሆኖ ትታያለች። ከሥር የዝምተኛዋ ስም ተጽፏል። እስከዚያ ድረስ ሁሉም ስሙን አንብቦ ነበር እንጂ ፊቱን ትኩር ብሎ ያየ አልነበረም። ሰው ሲደክመው ፍርድን ለሌላ ማሸከም ይወዳል።

ባለቁልፏ በርጩማ ስባ ዝምተኛዋን ከጎኗ አስቀመጠቻት። «ከዚህ አትነሺ። ማሽኑ አንቺን ሌላ ቦታ ካየሽ እኔም አብሬ ልይ።»

«ደረጃውስ እትዬ?»

«ደረጃው ይቆሽሽ።»

ይህን ከባለቁልፏ አፍ የሰማው ዘበኛ ቀና ብሎ አያት። ሁለቱ ሴቶች ስክሪኑ ላይ አፍጥጠው ቁጭ አሉ። ነጋዴው ሱቁን ለረዳቱ ትቶ ከአጠገባቸው አልሄድም አለ። ዝናቡ መስተዋቱን ይደበድባል። ባለቁልፏ በልቧ ፈርታ ነበር። ምንም ሳይገኝ ቀኑ ቢመሽ፣ የገዛ እጇ ያን መወልወያ ከሴትዮዋ ሊቀበል ነው። እሷም በአንድ ወቅት ያንኑ ይዛ ልጆቿን አሳድጋበታለች።

ምሳ ሰዓት ላይ ስክሪኑ ጮኸ። በመጋዘኑ መተላለፊያ በኩል አንዲት ሴት ስትገባ ያሳያል፤ ከሥር የዝምተኛዋ ስም ተጻፈ። ሁሉም ወደ በርጩማው ዞረ። ዝምተኛዋ እንደተቀመጠች ናት።

«መንታ አለሽ እንዴ?» አላት ዘበኛው።

ጥቂት ቆይቶ ከመተላለፊያው የምሳ ዕቃ ያንጠለጠለች፣ ሻሿ በዝናብ የራሰ ሴት ብቅ አለች። የጨርቅ ነጋዴው ሚስት ናት።

«ምነው ተሰበሰባችሁ? ሰው ሞተ እንዴ?»

ባለቁልፏ ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችላት። «የለም እህቴ፣ አረፍ በዪ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከዚህ በፊት በዚያ በር ገብተሽ ጨርቅ ወስደሽ ነበር?»

«አዎ፣ የመጋረጃውን። ለልጃችን ለአዲሱ ቤቷ።» ወደ ባሏ ዞረች። «ነግሬሃለሁ አይደል? ስልክ እያወራህ እሺ እሺ አልከኝ።»

ነጋዴው ወደ ስክሪኑ ዞሮ ምስሉን ትኩር ብሎ አየ።

«የገዛ ሚስትዎን አላወቋትም ጋሼ?» አለ ዘበኛው።

«ማሽኑ ስም ከጻፈ በኋላ ማን ፊት ያያል» አለ ነጋዴው። እውነቱን ነው የተናገረው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ዝምተኛዋን በለሆሳስ ይቅርታ ጠየቃት።

«እንዲህ አይሆንም» አለች ባለቁልፏ። «ሲሰድቧት ድምፅዎ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። ይቅርታውም እዚያው ይድረስ።»

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። ከላይ ልብስ ሰፊዎቹ በደረጃው መከታ አንገታቸውን አስግገው ሰሙ።

ምላሰ ማሩ ሻጭ ተጠርቶ መጣ። ሲጠየቅ፣ ካሜራው የማያውቀው ሰው ሲገጥመው በጣም የሚቀርበውን ስም እንዲጽፍ አድርጎት እንደነበር ተናገረ። «ሰው አላውቅህም ሲባል ይከፋዋል፤ ዕቃውም አይሸጥም» አለ። ባለቁልፏ አልተቆጣችውም። የተከፋችውና ያባረረችው ራሷ መሆኗን ታውቃለች። ተከራዮቹን ሰብስባ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ደህናይቱን መልኬ ተነካ ብዬ ሸኘኋት» አለቻቸውና ባለመነጽሯን ልጅ አስጠራች።

በማግስቱ የሕንጻው ሰው በሙሉ እዚያው በር ላይ፣ እዚያው ብርሃን ውስጥ፣ በሥራ ልብሱ ፎቶ ተነሣ። ልብስ ሰፊዎቹ አንገትጌያቸው ላይ ክር እንደተንጠለጠለ፣ ባለቁልፏ ከነጠባሳዋ። ጥርስ ሐኪሙ ብቻ የድሮው ፎቶ ይሁንልኝ ብሎ አስቸገረ።

«እንደዚያ አምሮብኝ አያውቅም እኮ እትዬ።»

«ለሰርግዎ ያስቀምጡት ዶክተር። ለበር እርስዎን አምጡልኝ።»

ማታ የሕንጻው ጌታ ሲደውል የመረጠችውን ነገረችው።

«አላውቅም የምትል ካሜራ ምን ትሠራልኛለች?»

«ሳታውቅ ስትቀር ትነግረኛለች። ያችኛይቱ ሳታውቅ ነው የምትምለው።»

እሱም «እንዳልሽ» አለ። እሷ ሌላም ነገር ጨመረችበት፦ ካሜራው ስም ቢጠራም እንኳ፣ ምስሉን ሰው አይቶ፣ የተጠራው ሰው ተጠይቆ ካልሆነ በዚህ ሕንጻ ማንም ተጠርጣሪ አይባልም። ስክሪኑ «አልታወቀም» ሲል ዘበኛው ብድግ ይላል፣ ማን ልበል ብሎ ይጠይቃል። እንደ ድሮው ማለት ነው። የጠፋው ካፖርት ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ባለቁልፏ አሁን ጉልበቷ ደረጃ አላስወጣ ስላላት ሥራ ትታለች። ከሕንጻው ጀርባ፣ ከትልቋ ልጇ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። የቁልፉን ዘለላ የታጠቀችው ዝምተኛዋ ናት።